ከስልክ የተደበቀው ማስጠንቀቂያ

ሰብሌ ላሊበላ ውስጥ የአንድ የጉዞ ማኅበር ድረ ገጽ አዘጋጅ ናት። የማኅበሩ ሾፌሮች ከመነሳታቸው በፊት ገጹን እንዲያዩ ታዘዋል። በፍልሰታ ጾም ዝናቡ በርትቶ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ሲቆርጠው፣ ሰብሌ «መንገዱ ተቆርጧል፤ እስኪጠገን ጉዞ የለም» ብላ በቀይ ጻፈች። በቢሮው ኮምፒውተር ከገጹ አናት ላይ ወጥቶ አየችውና ልቧ ዐረፈ።

በማግስቱ ሀሰን የሚባለው ሾፌር ተሳላሚዎችን ጭኖ ወደዚያው ሄደ። የተቆረጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ሚኒባሱን አቆመ። ተሳፋሪዎቹ ግን እዚህ ድረስ መጥተን አንመለስም ብለው በእግራቸው ሊሻገሩ ወረዱ። እማማ ዓይናዲስ የተባሉ አዛውንት ጭቃው አንሸራትቷቸው ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ሀሰን አዝሎ አወጣቸው፤ ሆስፒታልም አደረሳቸው።

የማኅበሩ ኃላፊ አቶ ኢያቄም ሀሰንን በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት አቁመው ማስጠንቀቂያ እያለ ሰው ይዞ ገደል የሚገባ ግዴለሽ ነው አሉት። ከሥራም አገዱት። ሰብሌም በልቧ ፈርዳበት ነበር። ሀሰን ወጣ፤ ከበር ውጭ ግን ሰብሌን ጠብቆ አስቆማት።

«ወላሂ እህቴ፣ ሳልነሳ አይቼዋለሁ። ክፍት ነው የሚለው» አለና ስልኩን ሰጣት።

እውነትም በስልኩ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ «ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ቀዩ ጽሑፍ የለም። በራሷ ስልክም ከፈተችው፤ እዚያም የለም።

ተመልሳ ገጹ የሚዘጋጅበትን ሥርዓት ከፈተች። እያንዳንዱ ክፍል በኮምፒውተር ይታይ፣ በስልክ ይታይ የሚባልበት ምርጫ አለው። ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት ክፍል ከስልክ እንዲደበቅ ምልክት ተደርጎበታል። ገጹን ለስልክ ያስማማው የአዲስ አበባ ባለሙያ ስትደውልለት አልካደም። አቶ ኢያቄም ናቸው ያዘዙት፤ ጽሑፍ ሲበዛ ፎቶውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ በስልክ ፎቶና የመመዝገቢያው ቁልፍ ብቻ ይበቃል ብለው ነው አላት።

ሰብሌ ደሟ ፈላ። ሾፌሩም፣ ተሳላሚውም፣ ካህኑም ገጹን የሚያየው በስልክ ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለቢሮው ኮምፒውተር ኖሯል።

አቶ ኢያቄምም ገብታ ስትጠይቃቸው ነገሩን አልካዱም። ለስልክ አጭር ነገር ነው የሚያምረው አሉ፤ ምልክቱን አንሺውና ነገሩን አታራግቢው ብለውም አዘዟት።

«የተዋረደው በሰው ፊት ነው» አለች ሰብሌ። «ክብሩም በሰው ፊት ይመለስለት እንጂ።»

እሳቸው ወንበርሽን ጠብቂ ብለው ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ።

ምልክቱን አነሳች። ማስጠንቀቂያውንም በስልክ መስኮት ሳይቆራረጥ እንዲነበብ አሳጥራ በትልቅ ፊደል ጻፈችው። የበፊቱን የስልክ ገጽ ግን ሳትነካው በፊት ፎቶ አንስታው ነበር። ፎቶውን ይዛ ሾፌሮቹ ወደሚቆሙበት ሄደችና በሀሰን ስልክ ይታይ የነበረው ይህ ነው ብላ ለሁሉም አሳየቻቸው። ከመካከላቸው አንጋፋው ደግሰው ስልኩን ተቀብሎ ደጋግሞ አየና ሀሰን ሳይመለስ እኔ መኪና አላስነሳም አለ። ሌሎቹም እንደሱ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ ጠዋት አንድም መኪና አልወጣም። አቶ ኢያቄም ወርደው መጡና መሬት መሬት እያዩ «ስህተቱ የቢሮው ነው» አሉ። ስህተቱ የኔ ነው አላሉም። ሀሰን ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሰብሌን ግን ያቺ «የቢሮው» የምትል ቃል እሳት ሆና ታንገበግባት ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሀሰንን ይዛ ሆስፒታል ሄደች፤ ለእማማ ዓይናዲስም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አዛውንቷ በደህና እጃቸው የሀሰንን እጅ ያዙ።

«እኔኮ ስረግምህ ነው የሰነበትሁ፤ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ቀጥለው ወደ ሰብሌ ዞሩ። «ያ ደብቁት ያለውስ መጥቷል?»

አልመጡም አለች ሰብሌ።

«በይ ንገሪው። ይምጣና ይህን ክንዴን ይየው።»