አስተያየት ቁጥር አሥራ ሰባት

ፊልሙ ዱብቲ የደረሰው በ1977 ኅዳር፣ የጥጥ ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ተጭኖ፣ አዋሽ አንድ ቀን አድሮ፣ ገዋኔ ላይ ጎማ ፈንድቶ ሁለት ቀን ተገትሮ፣ በአምስተኛው ቀን አቧራ እንደለበሰ የመንግሥት እርሻው ግቢ ገባ። ከፊልሙ ጣሳዎች ጋር የታሪኩ ማጠቃለያ በአማርኛ ተጽፎ መጥቷል፤ አንድ እሽግ ባዶ ቅጽም አለ። ቅጹ «የተመልካች አስተያየት» ይላል። ስም፣ ሥራ፣ ከፊልሙ የተገኘ ትምህርት፣ ፊርማ ወይም አሻራ። ከሃያ ሰው ያላነሰ ይሞላል ተብሏል።

ማስሞላቱ የጌጡ ሥራ ነው። ጌጡ ከኮሌጅ በወጣ በዓመቱ እዚህ ተመድቦ፣ የእርሻው የባህል ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ሦስተኛ በጋውን ይዟል። ረጋ ያለ ነው። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ሁለት ሰው ሲጣላ ሁለቱንም ሳይሰማ አይፈርድም። ስለዚህም ቢሮው ባለጉዳይ አያጣም።

በዚያ ሰሞን የሚመላለስበት ባለጉዳይ ሁመድ ያዮ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር። የሁመድ ጉዳይ አንዲት የከብት መተላለፊያ ናት። በአራተኛውና በአምስተኛው ማሳ መካከል፣ ሠላሳ እርምጃ ብትሰፋ ነው። ድሮ የጎሳው ከብት በፈለገው በኩል ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር፤ አሁን ዳር ዳሩ ሁሉ ጥጥ ሆኖ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እርሻው ደግሞ እሷንም አርሶ ቦይ ሊያወጣባት ዕቅድ ይዟል። ሁመድ እንዳትነካ አመለከተ፤ ማመልከቻውን የጻፈለትም ጌጡ ነበር። የእርሻው ኮሚቴ «እናየዋለን» ብሎ አቆይቶታል። ዝናቡ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ስለነበረ፣ መቆየቱ ለከብቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

«አባ ሁመድ፣ ፊልሙን መጥተው ይዩ» አለው ጌጡ። «ውይይቱ ላይም ይቀመጡ። የኮሚቴው ሰዎች ሲያዩዎት ለጉዳይዎ ጥሩ ነው።»

ሁመድ መጣ። የጎሳውን ጎረምሶች አስከትሎ መጥቶ፣ ከመጋዘኑ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ፊልሙ በእጅ የተሳለ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ በፊኛ ተንጠልጥለው፣ በረሃ ውስጥ የጠፋ ሥልጣኔ ፍለጋ ይሄዳሉ። መንገድ ይጠፋቸዋል፤ ባለግመሎች ያገኙና አቅጣጫ ይጠቁሟቸዋል። ሦስት ቀን አሸዋ ቆፍረው የወርቅ በር ያለው ከተማ ያገኛሉ። ጥንት አንድ ንጉሥ ወንዙን በግንብ ገድቦ ለአበባ ቦታው ብቻ አድርጎት ኖሯል፤ ከዚያ ሕዝቡ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። በመጨረሻ ልጆቹ ግንቡን ይከፍቱታል፣ ውሃው ይፈሳል፣ በረሃው አበባ በአበባ ይሆናል። ቋንቋው የባዕድ ስለነበር ጌጡ ማጠቃለያውን በድምፅ ማጉያ እያነበበ፣ ባለሱቁ ከድሩ በአፋርኛ ያስተጋባ ነበር። ከድሩ የወሎ ሰው ነው፤ ግን ጥርሱን የነቀለው አፋር መካከል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ከጥጥ መዳመጫው ዳስ ሥር ለውይይት ተሰበሰበ። መድረኩን የያዘው የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ፈንታ ነው።

መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ባለሻይ ቤቷ መዲና ናት። «እኔን የገረመችኝ እናትየዋ ናት» አለች። «ያን ሁሉ በረሃ ስታቋርጥ አንድ ጀሪካን ውሃ እንኳ አልያዘችም! ወላሂ፣ ልጆቹ የሷ አይመስሉም።»

ሰው ሳቀ። ከሰቆጣ ለለቀማ የመጣችው አስረሳሽ ተከተለች። «እኔስ ያ ሁሉ አበባ ሲፈነዳ ወገቤን ነው ያመመኝ። ይሄን ደግሞ ማን ሊለቅመው ነው አልኩ።»

«አንቺን ነዋ!» አላት አንዱ ከኋላ።

«አንተ ደግሞ ውሻው መስለኸኝ ነበር፤ ሌላው ሲቆፍር ጥላ ሥር የተኛው!»

ጌጡ እያንዳንዱን እንደተባለው ጻፈ። ይህ ኩራቱ ነበር። ሌላ ቦታ ያሉ ጸሐፊዎች ሃያውንም ቅጽ «ፊልሙ አስተማሪ ነው» ብለው እንደሚሞሉ ያውቃል፤ እሱ ግን የመዲናን ጀሪካንም የአስረሳሽን ወገብም አልዘለለም። እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ደረሰ።

አሥራ ሰባተኛው ሁመድ ነበር። ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። አማርኛ ይሰማል፤ ለቁም ነገር ግን የራሱን ቋንቋ ይመርጣልና ከድሩ አጠገቡ ቆመ።

«ሰዎቹ ባለግመሎቹን አገኙ» አለ ሁመድ በከድሩ አፍ። «መንገድ ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ ሄዱ። ዳጉ አልተቀባበሉም። ከየት መጣችሁ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ምን አያችሁ፣ አልተባባሉም። እኛ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቁጭ ብለን ወሬ ሳንሰጣጥ አንተላለፍም። እነሱም ቢቀመጡ ኖሮ፣ ከተማው ለምን ባዶ እንደቀረ እዚያው በሰሙ ነበር። ሦስት ቀን አሸዋ ባልቆፈሩ።»

«ልክ ነው!» አለች መዲና።

«ደግሞ የጠፋ ሕዝብ ትላላችሁ። አልጠፋም። ውሃ ሲዘጋበት ከብቱን ነድቶ ወጣ። የወጣ ሰው ጠፋ ይባላል? ባለግመሎቹ እኮ እነሱው ናቸው። ፊታቸውን አይታችሁ አልጠየቃችኋቸውም።»

ሁመድ ቀጠለ፤ ከድሩ ግን እያንዳንዱን ቃል የሽማግሌው እንደሆነ እያስታወቀ ተረጎመ።

«ንጉሡን አውቀዋለሁ ይላሉ። ወንዝ አጥሮ ለአበባ የሰጠውን። ይሄን የሳለው ሰው ዱብቲ መጥቶ መሆን አለበት ይላሉ። አራተኛውንና አምስተኛውን ማሳ አይቷል ይላሉ።»

ከለቃሚዎቹ መካከል አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጓድ ፈንታ አላጨበጨበም። ስብሰባው ሲበተን ጌጡን ጠጋ አለው።

«አሥራ ሰባተኛውን እንዳለ ከጻፍከው እንዳለ ነው የምልከው» አለው። «ወዴት እንደምልከው ታውቃለህ።»

ጌጡ ያውቃል። አምና አንድ የትራክተር ሾፌር የኮታ ስብሰባ ላይ የተናገራት አንዲት ቀልድ በቃለ ጉባኤ ተጽፋ ሄደች። በሳምንቱ በጂፕ መጥተው ወሰዱት። ሚስቱ እስካሁን አስፓልቱ ላይ ቆማ ያለፈ ያገደመውን ሾፌር ሁሉ ትጠይቃለች።

ቢሮው ገብቶ ቁጭ አለ። ቅጹን አየው። ስሙን ጻፈ፤ ሁመድ ያዮ። ሥራ፤ አርብቶ አደር። ከፊልሙ የተገኘ ትምህርት የሚለው ጋ ሲደርስ ብዙ አሰበ። ሽማግሌው ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጂፕ ውስጥ አንድ ቀን አይቆይም። ማንንም የማይጎዳ፣ ማንም የማያነበው ነገር ቢጻፍ ምን ይሆናል? በየጋዜጣው ያለውን ቋንቋ ተዋሰ። «ወንዝ ለልማት ሲውል በረሃ እንደሚያብብ ከፊልሙ ተምሬአለሁ። እኛም አርብቶ አደሮች እርሻው ለሚያደርገው መስፋፋት አስፈላጊውን ትብብር እናደርጋለን።» አንድም ቃል የራሱ አልነበረም። ስለዚህም ቀለል አለው።

ከሰዓት በኋላ ከድሩ ሱቅ ደጃፍ ሁመድን አገኘው። አሻራ ያስፈልግ ነበር።

«አንብብልኝ» አለ ሁመድ በአማርኛ። «ወሬ የተቀበለ ሰው መልሶ ይናገራል፤ ባለቤቱ ይሰማል። ከዚያ ይሄዳል።»

ጌጡ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘ። ዓይኑን በመስመሩ ላይ እየነዳ፣ ሽማግሌው ጠዋት ያለውን በቃሉ ይወጣው ጀመር፤ ዳጉውን፣ ባለግመሎቹን፣ ንጉሡን፣ ሁለቱን ማሳ። ምንም አልዘለለም። ሁመድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በየአረፍተ ነገሩ «እህ፣ እህ» እያለ ሰማው።

«ሙሉ ነው» አለ ሲያበቃ። አውራ ጣቱን ራሱ ቀለሙ ላይ ጫነና ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ከድሩ ከሱቁ ወጥቶ ነበር። «እንዳለ ጻፍከው? አንተስ ደፋር ነህ፣ ወንድሜ» አለው። «እኔ ያን ስተረጉም በየቃሉ ‹ይላሉ› ስል አልሰማኸኝም? ግን ዳጉ ቆርጬ ባሳልፍ ነገ ሱቄ ዝር የሚል አይኖርም። በዳጉ የዋሸ ሰው ለነሱ የሞተ ነው።»

ጌጡ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ማምሻውንም ከሌሎቹ ቅጾች ጋር ለጓድ ፈንታ አስረከበ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጌጡ ነው። ባለጉዳዮችም ተጠርተው በሩ ሥር ቆመዋል፤ ሁመድ ከከድሩ ጋር አለ። የመተላለፊያዋ ነገር ሲነሳ ጓድ ፈንታ ከዶሴው አንድ ወረቀት መዘዘ።

«አመልካቹ ራሳቸው ፊልሙን ካዩ በኋላ ንቃታቸው መጨመሩን እዚህ ገልጸዋል» አለና ድምፁን አጥርቶ አነበበ። «‹እርሻው ለሚያደርገው መስፋፋት አስፈላጊውን ትብብር እናደርጋለን።› አሻራቸው አለበት። እንግዲህ ማመልከቻውን እንዳነሱት እንቆጥረዋለን። ተቃውሞ አለ?»

ተቃውሞ የለም። ቦዩ ነገ ከቀትር ጀምሮ ይቆፈር ተባለ።

ሁመድ ከከድሩ ጋር ወጣ። ውጪ፣ ጌጡ እስኪወጣ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ጠበቀው።

«አንብበህልኝ ነበር» አለው።

«አዎ።»

«ያነበብከው የኔ ነበር።»

«አዎ፣ አባ ሁመድ።»

«ወረቀቱስ የማን ነበር?»

ጌጡ ስለ ጂፑ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ለሱ ሲል እንደሆነ ሊነግረው ጀመረ። ከድሩ አልተረጎመም፤ መሬት መሬት ያያል። ሁመድ ግን ገብቶታል።

«እኔን ይወስዱኝ ነበር» አለ። «ይውሰዱኝ። ልጆች አሉኝ፣ ከብቱን ያጠጣሉ። ማን ጠየቀህ?»

ሄደ።

ጌጡ ሲነጋ ጓድ ፈንታ ዘንድ ገባ። ቅጹ ትክክል እንዳልሆነ፣ ሽማግሌው እንደዚያ እንዳላለ ተናገረ። ፈንታ ምንም አልገረመውም።

«እንዳላለማ እኔም ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩ» አለ። ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተለት። «ቁጭ በልና ጻፍ። ‹ያላለውን ጽፌ፣ ሌላ አንብቤለት፣ አታልዬ አሻራ አስቀምጫለሁ› በልና ፈርም። ሰነዱ ሐሰተኛ ከሆነ ውሳኔው ይታገዳል፤ ደንብ ነው። ቁፋሮውንም ሳይጀመር አስቀራለሁ። ሐሰተኛ ሰነድ የሠራ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ግን እኔ አይደለሁም የምወስነው።»

ጌጡ ወረቀቱን አየ። የሾፌሩ ሚስት ፊት ድቅን አለበት።

«ከምሳ በኋላ ልምጣ?» አለ።

«ከምሳ በኋላ ና» አለው ፈንታ፤ ወረቀቱንም ሰጠው።

መዲና ሻይ ቤት ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። ነጩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እስኪሪብቶውንም ከጎኑ አደረገ። ፓስታ አዘዘ። መዲና ስጎውን አትረፍርፋ አመጣችለትና ወረቀቱ እንዳይነካ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠች። ቀኑን ጻፈ። ቀኑን ከጻፈ በኋላ ፓስታው ይቀዘቅዛል ብሎ ሹካውን አነሳ።

ከማሳዎቹ በኩል የቡልዶዘር ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ተንተፋተፈ፤ ከዚያ ጭነት እንደያዘ ሰው ድምፁ ወፈረ።

ከድሩ ላብ አጥምቆት ገባ። አልተቀመጠም።

«መተላለፊያዋን ገና ጫፏን ነው የነካት» አለ። «ከብቱ ወዲያ ማዶ ቆሟል። ሁመድ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየዋል። ፈንታ ጻፍ ያለህን ሰምቻለሁ፤ አሁን ጽፈህ ብትሰጠኝ ሮጬ አደርሳለሁ። ጌጡ፣ ሁለት መስመር ናት።»

«ገባኝ» አለ ጌጡ። «ምሳዬን ልጨርስ።»

ከድሩ ቆሞ አየው። ወረቀቱን አየ፣ ሳህኑን አየ። ከዚያ ወጣ፤ ወደ ሱቁም አልሄደም፣ ወደ ማሳዎቹ አቀና።

ጌጡ ቀስ እያለ በላ። ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ ጉርሻ በበላ ቁጥር ሁለቱንም ወገን ይመዝን ነበር፤ የሽማግሌውን፣ የራሱን፣ እናቱ በየወሩ የምትጠብቀውን፣ እንደገና የሽማግሌውን። ሁሉም እውነት አለው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን የቡልዶዘሩ ድምፅ እየራቀ ነበር፤ ወደ ወንዙ እየወረደ።

መዲና መጥታ ሳህኑን አነሳች። ቀን ብቻ የተጻፈበትን ወረቀት አየችው፤ ምን እንደሆነ አታውቅም።

«ልጨምርልህ?» አለችው።

ጌጡ ወደ ውጪ አዳመጠ።

«ጨምሪልኝ» አላት።