ያልደረቀው ድንጋይ

ሰኔ አምስት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዘይቱና የሻርፗን ጫፍ ፈትታ ድንጋዩን ኮምቦልቻ ባለ አንድ ሆቴል በረንዳ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

ገዢው አግማስ የሚባል ወጣት ነው። በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጥቷል። ለእጮኛው ቀለበት አልማዝ ሊገዛ አስቦ ስለ ደረጃው ብዙ አንብቦ ነበር፤ አቅሙ አልደርስ ሲል ፊቱን ወሎ ደላንታ ወደሚቆፈረው ኦፓል ወደሚባለው የከበረ ድንጋይ አዞረ።

ድንጋዩን ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላበጠው። ቀይና አረንጓዴ እሳት ከውስጡ ተሯሯጠ።

"ቀለሙ አንደኛ ነው" አለ። ትንሽ ባትሪ አብርቶ ከሥሩ ያዘ። "ጥራቱም። ስንጥቅ የለውም። ልመዝነው?"

"መዝን እንጂ ወንድሜ!" አለ ሙንዚር፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። "ወላሂ፣ ሙሽራዋ መብራት ሲጠፋ ሻማ አትገዛም፤ ጣቷን ማንሳት ነው።"

አግማስ ሳቀ። ዘይቱና ጠረጴዛውን ታያለች።

ድንጋዩን ያወጣው ባሏ አብዱልወሀብ ነው። ደላንታ ከሚቆፍሩት ዋሻ አፍ ላይ ለሙንዚር አቀብሎ፣ "አቻው እዚያው አለ" ብሎ ተመልሶ ገባ። ጣሪያው ወረደበት። ቆፋሪዎቹ እጃቸው እስኪላጥ ጫሩ፤ በኋላ ግን፣ መደገፊያ ግንድ ካልተገዛ ሌላም ሰው ይቀበራል ተባለና ቁፋሮው ቆመ። አልታጠበም፣ አልተከፈነም። ሬሳው በሌለበት ሰገዱለት። ዘይቱና ኢዳዋን ሳትጨርስ፣ ባል የሞተባት ሴት ከቤት በማትወጣበት ጊዜ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈሯ ተነስታ እዚህ የመጣችው ለግንዱ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ሬሳው እንዲወጣላት።

ደሴ ፒያሳ ያለችው የድንጋይ ነጋዴ ሸዋረጋ ድንጋዩን አይታ መልሳላት ነበር። "እህቴ፣ ይሄ ገና ከመሬት የወጣ ነው፤ ውሃ አለው። ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። አንዳንዱ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ወር ቆይቶ ከጸና አምጪልኝ" አለቻት።

ሙንዚር ይህን ሲሰማ ድንጋዩን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተተው። ካልደረቀ አይሰነጠቅም። ዛሬ ጠዋት አውጥቶ በሸሚዙ ጠርጎ ሰጣት። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "አንቺ ብቻ ዝም በይ" አላት።

አግማስ ሚዛኑን አየ፣ ስልኩን አየ። አልማዝ ደርቋል ወይ ተብሎ አይጠየቅምና እሱም አልጠየቀም።

"እወስደዋለሁ፣ እትዬ። ማን ነው ያወጣው? ለእጮኛዬ ልነግራት ነው።"

"ወንድሜ ነው" አለ ሙንዚር ቀደም ብሎ። "ጎበዝ ቆፋሪ! እዚያው ደላንታ አለ።"

ዘይቱና ቀና አለች። ሙንዚር አልዋሸም። እዚያው አለ።

"ልጄ፣ አልደረቀም" አለች።

"ምኑ?"

"ድንጋዩ። እስከ ዛሬ ጠዋት ውሃ ውስጥ ነበር። ሲደርቅ ልጅቷ ጣት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።"

ሙንዚር ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "አላህን ፍሪ እንጂ! ወንድሜን አፈር ውስጥ ልትተዪው ነው?"

"በሐራም አላስወጣውም።"

"የሞተ ሰው ምን ያውቃል አሁን? ሐራም ሐላሉን ምን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

አግማስ ባትሪውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ማንን እንደሚያይ ጠፋው። "ይቅርታ፣ እትዬ። ከወር በኋላ ከጸና ይደውሉልኝ" አለ።

ዘይቱና ድንጋዩን ሻርፗ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረችው። ወደ ደሴ የሚመለሰውን ሚኒባስ ሙንዚር ሳይጠብቃት ተሳፈረ።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት ጀመረ። ናዳ የዋሻውን አፍ ከነመንገዱ ወሰደው። አብዱልወሀብ እስካሁን እዚያው ነው። ድንጋዩ አልተሰነጠቀም።