ቀይ ክር የታሰረባቸው ሁለት መደቦች

ልጅቱ አሥራ ሰባተኛውን ቅጠል ገልብጣ አየች። ንጹሕ ነው። አሥራ ስምንተኛውም ንጹሕ ነው። ቀይ ክር የታሰረባቸው ሁለቱ መደቦች እስከዛሬ በሻጋታ መበላት ሲገባቸው ቲማቲሞቹ ሠርግ የተጠሩ ይመስል አምረው ቆመዋል። ሌላ ገበሬ ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር፤ እሷ ግን ዞራ አባቷን ፈለገች።

ቀይ ክር ማለት «አትንኩኝ» ማለት ነው። ልጅቱ ከጦስኝ ቅጠል ዘይት አውጥታ የቲማቲም ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ቀምማለች። በአባቷ ማሳ ስድስት መደብ በየሳምንቱ ትረጫለች፤ ቀይ ክር ያሰረችባቸውን ሌሎቹን ሁለቱን ግን ለማነጻጸሪያ ምንም ሳትረጭ ትተዋለች። ያልተረጩት ታመው የተረጩት ከዳኑ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ግን በሽታው ጭራሽ ያልመጣ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? የሁለት ዓመት ትምህርቷ በዚህ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ደግሞ ነገ ሊያዩት ይመጣሉ።

«አባዬ!»

አባቷ ከውኃው በርሜል ጀርባ ብቅ አሉ። «አቤት፣ የኔ ዶክተር!»

«እነዚህን ነክተሃል?»

«እኔ? ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አሉና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አርባ ዓመት አትክልት ሲያለሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውሸት ግን እስከዛሬ አልሆነላቸውም።

ልጅቱ ቅጠል ቆርጣ አሸተተች። «ጦስኝ ጦስኝ ይላል እኮ።»

«ነፋስ አምጥቶት ይሆናላ።»

«ነፋስ ጎንበስ ብሎ የቅጠሉን ሆድ ይረጫል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አናታቸውን አከኩ። «እሺ፣ ረጨሁ! አንቺ ከረጨሽ በኋላ መርጫው ውስጥ የምትቀረውን ነው፤ መድፋቱ አሳዘነኝ። ደግሞስ ምን ላድርግ? ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ያዩኛል። አንቺና ወንድምሽ አብራችሁ ብትታመሙ፣ ላንዳችሁ መድኃኒት ሰጥቼ ሌላውን ቆሜ አየው ነበር?»

«አባዬ፣ እነዚህ ቲማቲም ናቸው!»

«ቢሆኑስ! ቅጠላቸው ቢጫ ቢጫ ማለት ጀመረ። ስገለብጠው ግራጫ ሻጋታ። አንጀቴ አልቻለም። የታመመውን ቀንጥቤ ጣልኩ፣ ቀሪውን ረጨሁ።»

ልጅቱ ቀና አለች። «ታመው ነበር? ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆመ! አንድ እንኳ አልጨመረም። እኔ እኮ መድኃኒትሽን ባላምነው ኖሮ ምን ብዬ እረጫለሁ?»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቅና ዕንባ ተቀዳደሙባት። ጎረቤቱ ሁሉ «የልጅቷ ቅጠል ጭማቂ» እያለ ሲያሾፍ፣ እሳቸው ከጎን ቆመው ፈገግ ከማለት በቀር አንድ ቀን አስተያየት ሰጥተው አያውቁም።

«በኔ ጦስ እንዳትወድቂ» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሳይረጩ ታመው ነበር ብለሽ ጻፊ። ውሸት አይደለም፤ ምስክር እሆናለሁ።»

ልጅቱ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ፣ «የማነጻጸሪያዎቹ መደቦች በገበሬው ተረጭተዋል» ብላ ጻፈች። ወዲያውም አማካሪዋ ጋ ደወለች። ሽማግሌው ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ።

«እውነቱን በመናገርሽ ኮርቻለሁ» አሉ አማካሪዋ በስልኩ። «ግን እንደገና ትጀምሪያለሽ። ምርቃቱ ለከርሞ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሽማግሌው ከሁለቱ መደቦች ላይ ቀዩን ክር ፈቱ። ማሳው በር አጠገብ ወዳለው አዲስ የቲማቲም ተክል ሄዱ፤ ከችግኝ ሁሉ መርጠው ያዛወሩት፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው። ጎንበስ ብለው ክሩን ከአዲሱ ተክል በሁለት መደቦች ዳር ዳር አሰሩት።

«አባዬ፣ እነዚህ እኮ ምርጦቹ ናቸው።»

«ደካማውን ብሰጥሽ ድሮም ደካማ ነበር ይሉሻል።»

ከዚያ የመርጫውን አፍ ፈትተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። «እስኪለቀም ካንቺ ጋ ይቀመጥ። እኔን እንዳታምኚኝ።»

ጥቂት እንደሄዱ ዞር አሉ። «ውኃ ማጠጣት ግን አልተከለከለም፣ አይደል?»