ከታች ወደ ላይ

ምላጩ ከጆሮው ሥር ወርዶ አገጩ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው መናገር ጀመረ።

"በፈቃዴ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።"

"ቆይ አባዬ፣ አሁን አይደለም። እቆርጥሃለሁ።"

"ለልጄ ነው።"

"አፍህን ግጠም አልኩህ እኮ!"

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አለ በአረፋው መሃል።

ልብስ ሰፊዋ ምላጩን ከፍ አድርጋ እስኪጨርስ ጠበቀች። ሰማንያ አንድ ዓመቱ መሆኑን ተናገረ። በመጨረሻ ስሙን እስከ አያቱ ጠርቶ፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ ተማሪ ዓይን ዓይኗን አያት። አምስቱም መልሶች ልክ ናቸው።

"ጎበዝ" አለችው። "ተመስገን። በል አሁን ልላጭህ።"

"አስቸገርኩዎት እመቤት።"

ልጁን "እርስዎ" ማለት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። የመጀመሪያ ቀን ሲላት የሚቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አሁን እንደ እንግዳ ሰው ረጋ ብላ "ኧረ ምንም አይደል" ትለዋለች።

ሽማግሌው አርባ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የእርሳስ ፊደላትን ከየሣጥናቸው በጣቱ እየለቀመ መስመር ያበጅ ነበር። አንዲት ነጥብ ስለማታመልጠው ባልደረቦቹ "ጋሽ ነጥብ" ይሉት ነበር። የሙከራ እትሞቹን እቤት ይዞ እየመጣ፣ ማስመሪያ ከመጨረሻው መስመር ሥር አስደግፎ፣ ከታች ወደ ላይ ያነባቸው ነበር። ልጁን በዘጠኝ ዓመቷ አጠገቡ አስቀምጦ "ከላይ ከጀመርሽ ወሬው ዓይንሽን ይዞት ይሄዳል፤ ስህተቱንም ዘለሽው ታልፊያለሽ" ይላት ነበር። "ከታች ስትነሺ ግን እያንዳንዱ መስመር ብቻውን ይቆማል። ብቻውን የቆመ ደግሞ አይዋሽም።"

ባለፈው ሳምንት አምስቱን መልሶች በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፋ ልታስጠናው ስትጀምር ሁለተኛው ላይ እየደረሰ ይጠፋበት ነበር። ሦስት ቀን ለፋች። በአራተኛው ቀን ካርቶኑን ከእጇ ተቀብሎ ጣቱን ከመጨረሻው መስመር ሥር አደረገና ያለ ምንም መደናቀፍ እስከ ላይ ወጣበት። በደስታ አለቀሰች። መልሶቹን ሊሰማ የሚመጣው ሹም ከላይ ሊጀምር እንደሚችል አልታሰባትም። እዚህ ቤት ንባብ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጀመረው።

ይህ ሁሉ ጥናት የመጣው በወንድሟ ምክንያት ነው። ታላቋ ነው፤ ጎማ ይሸጣል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት መጥሪያ ይዞ መጣና ወንበር ሳይስብ፣ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ነገራት።

"አባባ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ተብሎ ይወሰንልኝ፣ ሞግዚቱም እኔ ልሁን ብዬ አመልክቻለሁ። ኋላ ከሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መጦሪያ ይገባል። አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው። ይሄን ቤት እናከራየውና ወጪውን ይችላል።"

"ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ ምን ሆኖ እንደወጣ ረሳኸው? አልጋው ላይ አስረውት! ወር ሙሉ ቃል አልወጣውም እኮ።"

"አንቺስ?" አላት። "አርባ ስድስት ዓመት ሞላሽ። መርፌና እሱን ስትጠብቂ ልታረጂ ነው? ለአንቺም ብዬ ነው።"

ለእሷም ብሎ እንደሆነ ታውቃለች። የከፋውም ይኸው ነበር።

ፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ መላውን ነገራት። "የኔ እህት፣ ቀደም በዪው" አላት። "አባትሽ ውክልና ይስጡሽ። ወንድምሽ ራሳቸውን አያውቁም ሲል፣ አንቺ ሹም ፊት በጣታቸው ፈርመዋል ትያለሽ። መሄድ ለማይችል ሰው ሰነድ አረጋጋጮቹ እቤት ድረስ መጥተው አምስት ጥያቄ ይጠይቁታል።" አመለከተች፤ ለሐሙስ ቀጠሮ ተያዘላት። የወንድሟ ችሎት ደግሞ ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

ውሸት አይደለም፣ ትል ነበር ለራሷ። ደህና ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይል ነበር። ሆኖም ስትጸልይ ሁሉንም እየዘረዘረች ለፈጣሪዋ ስትነግር፣ ስለ ካርቶኑ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

ሰነድ አረጋጋጯ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳች። ስልሳን የተጠጋች፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ደፉ ላይ ቆማ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

"ሦስት ፎቅ!" አለች። "አባባ መውረድ ያቃታቸው ወደው አይደለም። እኔንም ዛሬ እዚሁ እንዳታሳድሩኝ።"

ውሃ ጠጣች። ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ጠርጋ ቅጹን፣ ማኅተሙንና የአሻራ ቀለሙን ቆርቆሮ ደረደረች። ሽማግሌው ንጹሕ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"እርስዎ ወጣ ይበሉልኝ፣ እህቴ" አለች አረጋጋጯ። "ውክልናው ለእርስዎ ስለሆነ ብቻቸውን ነው የማነጋግራቸው።"

ይህንን አልጠበቀችም ነበር። ወደ ማድቤቷ ገብታ መጋረጃውን ከኋላዋ ሳበች። ካርቶኑ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። በጨርቁ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"እሺ አባባ። ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ።"

"በፈቃዴ ነው" አለ ሽማግሌው ጥርት ባለ ድምፅ። "ማንም አላስገደደኝም።"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ደህና። ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ለልጄ ነው።"

አረጋጋጯ ከቅጹ ቀና አለች። "ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ዛሬ ሐሙስ ነው።"

መሃለኛው መስመር ከየትም ቢቆጠር መሃል ነው። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ልቧ ተስፋ አደረገ። ምናለ የቀሩትን እንዲህ ቢያደርግላት! "አምላኬ ሆይ" አለች በሹክሹክታ፤ ከዚያ በላይ ምን እንደምትለምን ጠፋባት።

"ይህን ውክልና የሚሰጡት ለማን ነው?"

"ሰማንያ አንድ።"

"ያስገደደዎት ሰው አለ?"

ሽማግሌው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም በኩራት ጠራ። ከዚያም ሥራውን የጨረሰ ሰው ትንፋሽ ተነፈሰ።

የቆርቆሮው ክዳን ሲገጠም ተሰማ።

"አይክደኑት" አለ ሽማግሌው።

"ምን አሉኝ?"

"ቀለሙን። እስቲ ያምጡት።" ወንበሩ ሲንቋቋ፣ አፍንጫው አየር ሲስብ ሰማች። "ውሃ ገብቶበታል ይሄ። ማን ነው የሚያቀጥነው? እንዲህ ያለ ቀለም ፊደሉን ያስለቅሰዋል።"

"መሥሪያ ቤቱ የሰጠን ነው አባባ" አለች አረጋጋጯ፤ ድምጿ ተለውጧል። እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። "እስቲ ይህን ወረቀት እንተወውና እናውጋ። ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የላጨዎት?"

"አንዲት ሴትዮ አሉ።"

"ልጅዎት ናት?"

"አይ! ልጄ ትንሽ ናት፤ ትምህርት ቤት ነው ያለችው። እኚህ ትልቅ ሴት ናቸው። ጣታቸውን መርፌ በልቶታል። በሌሊት ስነሳ አብረውኝ ይነሳሉ። በሩ የጠፋብኝ እንደሆነ አይቆጡም፣ ይዘውኝ ይሄዳሉ።"

"ወንድ ልጅስ የለዎትም? እሱ ዘንድ መሆን አይፈልጉም?"

"እሱ ጥሩ ልጅ ነው። ሥራ ይበዛበታል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርስዎ ከመሥሪያ ቤት ነው የመጡት አይደል? እባክዎን እኚህን ሴትዮ አያሰናብቱብኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሽርጧን አፏ ላይ አደረገች። ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሲጠሯት መጋረጃውን ለመግለጥ ጊዜ ወሰደባት።

አረጋጋጯ አልተቆጣችም። እጇን ብቻ ዘረጋችላት። ልብስ ሰፊዋም ሳትጠየቅ ካርቶኑን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት።

"እርስዎ ነዎት ያስጠኑት?"

"አዎ። ከላይ ሲሆን አይያዝለትም። ከታች ሲሆን..." አለችና የወንድሟን ማመልከቻና የችሎቱን ቀን ጨምራ ነገረቻት።

አረጋጋጯ ካርቶኑን ከታች ወደ ላይ አነበበችው። ሊያስቃት ከጅሎ ነበር፤ ግን ፈገግታዋ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

"ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም" አለች። "እህቴ፣ ይህን ማረጋገጥ አልችልም። ይገባዎታል አይደል?"

"ይገባኛል።"

"አሁን ሁለት ነገር ማድረግ እችላለሁ። አንደኛው፣ አባባ ዛሬ ደህና አልነበሩም ብዬ ቀጠሮውን ማንሳት። ምንም አልጽፍም። ከዚህ ክፍል የሚወጣ ወሬ አይኖርም። ሁለተኛው፣ የጠየቅሁትንና የመለሱትን ሁሉ መዝግቤ ማስገባት።"

"የጻፉት እንደሆነ ወንድሜ ያገኘዋል?"

"ልጅ ነው፤ ግልባጭ መጠየቅ ይችላል። ራሳቸውን እንደማያስተዳድሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያገኝም።" አረጋጋጯ ወደ ሽማግሌው አየች፤ የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይቆጥራል። "ግን ሌላውም ቃላቸው አብሮ ይገባል። ዳኛ ሞግዚት ሲሾም፣ ሰውየው ከማን ጋር መኖር እንደሚወድ ማወቅ ይፈልጋል። እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። አባባ ዛሬ የነገሩኝን የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ችሎት ቆመው ይናገሩታል?"

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ተመለከተች። ዛሬ ጠዋት ካልሲውን እጁ ላይ ሊያጠልቅ ሲታገል ነው ያገኘችው። ባለፈው ወር እንዲህ አያደርግም ነበር። ዝም ብትል ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል፤ ወንድሟም የሚይዘው አያገኝም፤ እሷም በሌላ ሐሙስ ሌላ ካርቶን ትጽፋለች። የሽማግሌው ልመና ግን ከዚህ ክፍል አይወጣም።

"ይጻፉት" አለች። "የሆነውን ሁሉ።"

አረጋጋጯ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። የመንገዱ ጩኸት በመስኮቱ ይገባል፤ ሽማግሌው ቁልፎቹን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በመጨረሻ ወረቀቱን አዙራ አቀረበችላት።

"መጋረጃ ግድግዳ አይደለም፤ እንደሰሙ አውቃለሁ። ያንብቡትና ልክ ከሆነ ግርጌው ላይ ይፈርሙ።"

ልብስ ሰፊዋ ማስመሪያዋን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳችና ከመጨረሻው መስመር ሥር አስደገፈችው። አንድ መስመር አንብባ ወደ ላይ ገፋችው። ቀጥሎ ሌላ። የሽማግሌው ጣቶች ቁልፉን ለቀቁ።

"ማን አስተማረዎት?" አላት።

"አባቴ።"

"ደህና ሰው ነው" አለ ሽማግሌው፣ ራሱን እየነቀነቀ። "ሥራ ያውቃል።"

ዓይኗ በእንባ ስለተሸፈነ ማስመሪያው ባለበት ጥቂት ቆየ። ስታብሰው፣ ከታች አራተኛው መስመር ብቻውን ቆሞ አየችው። "እባክዎን ልጄን አያሰናብቱብኝ" ይላል።

"እዚህ ጋ ስህተት አለ" አለች።

"የቱ ጋ?"

"'ልጄን' አላለም። 'እኚህን ሴትዮ' ነው ያለው።"

አረጋጋጯ መነጽሯን አወለቀች። በሩ ዝግ ቢሆንም ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እህቴ። ደግሞስ እርስዎ አይደሉም እንዴ ልጃቸው? 'ልጄን' ካሉ ዳኛው ሁለቴ አያስብም። 'እኚህን ሴትዮ' ካሉ ግን ወንድምዎ ጠበቃ ያቆምና 'የገዛ ልጁን እንኳ አያውቃትም' ያስብላል።"

"አያውቀኝማ።"

"ይህች አንዲት ቃል ምን ትጎዳለች? እኔ ነኝ የጻፍኳት፤ በእኔ ይሁን።"

ልብስ ሰፊዋ 'ልጄን' የምትለዋን ቃል እንደገና አየቻት። ቃሏ ታምራለች። ስንት ወር ልትሰማት የናፈቀቻት ቃል ናት፤ አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ ማኅተም ሊመታባት ተጽፋ ተቀምጣለች። አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ማስመሪያውን እያየ ይጠብቃል። ለምን ወደ ላይ አልተገፋም እንደሚል ሰው።

"ያርሙት" አለች።

አረጋጋጯ ተነፈሰች። በቃሏ ላይ ቀጭን መስመር አሰመረችና ከበላይዋ "እኚህን ሴትዮ" ብላ ጻፈች። "ስርዝ ድልዝ ሲኖር ጎኑ ላይ መፈረም ግድ ነው" አለች፣ እስክሪብቶውን እያቀበለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከስርዙ ጎን ፈረመች። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችም፤ ገና ብዙ መስመር ይቀራታል። ማስመሪያውን አንድ መስመር ወደ ላይ ገፋችው።