በቀን ሁለት ሰዓት ወሬ

ሊፍት ስጠግን በኖርኩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት፣ የሰማኝም ያልሰማኝም ፊት አንድ ነገር ስሰብክ ኖሬአለሁ፤ የወንድ አእምሮ ለሥራ፣ የሴት አእምሮ ለወሬ ነው የተፈጠረው እያልኩ። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ይህን ባልኩ ቁጥር መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ጨርቋን መለካቷን ትቀጥላለች። ቤታችን ውስጥ ሲለፈልፍ የሚውለው ማን እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር በግራ አንጎሌ በኩል የደም ሥር ተዘጋ። እግሬ ቶሎ ዳነልኝ፤ ቃል ግን የለም። ሐሳቡ አለ፣ አፌ ላይ ሲደርስ ድራሹ ይጠፋል። አለቃዬ ንግግሬ እስኪመለስ ሦስት ወር ሰጠኝ፤ ካልተመለሰ ሥራዬ ያበቃል። አልፈረድኩበትም፤ ሊፍቱ የሚወጣ የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ የገባው ሠራተኛ «ወጥቻለሁ» ብሎ ካልተጣራ ኤሌክትሪክ አይለቀቅም፤ ዲዳ ሊፍት ጠጋኝ ደግሞ የለም።

ሐኪሟ የአንጎሌን ፎቶ ስታሳየን ሚስቴ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች።

«ዶክተር፣ ሴት ቢሆን ይሻለው ነበር? የሴት አንጎል በሁለቱም በኩል ያወራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«በአማካይ ልዩነት አይጠፋም» አለች ሐኪሟ። «ግን ስም ባይጻፍበት፣ ይሄ የወንድ ይሁን የሴት እኔም በማየት አላውቀውም። እሳቸውን የሚጠቅማቸው የሚያወራቸው ሰው ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ያውሯቸው።»

«እኔ? እኔ እኮ ወሬ አልችልም።»

እውነቷን ነው። የመጀመሪያ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «ዛሬ ነፋስ አለ» አለችና አለቀባት። አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ስፌቷን ይዛ መጣች።

«ይሄ የአንድ አስተማሪ ኮት ነው። ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሳልነግረው ትንሽ ጥጥ እጨምርበታለሁ፤ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ቀጥ ያለ ይመስለዋል።»

አብሬያት ስኖር ይህን አንድ ቀን አልሰማሁም። አፈርኩ። ደግሞም የሚቀጥለው ቀን እስኪነጋ መቸኮል ጀመርኩ።

በሰባተኛው ሳምንት የሚስቴ ወሬ አንዲት ደንበኛዋ ዳኛ ላይ ደረሰ።

«ካባዬ ውስጥ ማንም የማያየው ኪስ ስፊልኝ አሉኝ። ምን ሊይዙበት ነው ብላቸው…»

ሰዓቷን አየች። «በቃ፣ ሁለት ሰዓት ሞላ» ብላ ጨርቁን አጣጥፋ ተነሣች።

የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩ። ምላሴ ታገለ፣ ላብ አጠመቀኝ።

«ቀ… ቀጥዪ።»

ባለችበት ቆመች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን አልክ?»

«ቀጥዪ» አልኳት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።