በሩ ከተዘጋ በኋላ

የእህቴ በሽታ እኔን ሲያይ ይሸሽ ነበር። ጉራ ነው ብትሉኝ እውነታችሁን ነው፤ ያኔ በእርግጥም እጎርርበት ነበር። ቀኑን ጋራዥ ውዬ፣ እጄን በሳሙና ሁለቴ ፈትጌ፣ ግሪሱ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ እንዳለ፣ እናቴና እህቴ ሚጡ የሚኖሩበት ሦስተኛ ፎቅ እደርሳለሁ። እናቴ በሩን ከፍታ በአገጯ ወደ መኝታ ቤቱ ታመለክተኛለች። ሚጡ ተኝታለች። ከሥራ የቀረችበት ቀን ከሆነማ ከትናንት ጀምሮ ተኝታለች። እኔም ደፉ ላይ ቆሜ፣ «እዚህ ቤት የሚጠገን ነገር አለ ተብዬ ነበር» እላለሁ። «ሂድ ወዲያ!» ይላል ብርድ ልብሱ። ሁለተኛ ቀልድ ስጨምር አንድ ዓይን ብቅ ይላል፤ በሦስተኛው ከት ብላ ትስቅና ትነሳለች። ሻይ ትጠጣለች፣ የምትሠራበትን የመጋረጃ ስፌት ቤት ደንበኞች አንድ በአንድ ታስመስላለች፣ እናቴን በሳቅ እንባ በእንባ ታደርጋታለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እያልኩ፣ እያፏጨሁ ደረጃውን እወርዳለሁ።

እንዲህ ሦስት ዓመት ሄደ። ሚጡ ሠላሳ አንድ ሆናታል፤ እኔ በዘጠኝ ዓመት እበልጣታለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። አሥራ አራት ሰዓት ተኝታ ደክሟት ትነሳለች። አንድ ጠርሙስ ማርማላታ በሁለት ቀን በዳቦ ትጨርሳለች፤ ቀሚሶቿ ዚፓቸው አልዘጋ ብሏል። «እጅና እግሬ ውስጥ አሸዋ የሞሉብኝ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። የነቀፋ ቃል ደግሞ አትችልም። የስፌት ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን፣ ያውም በፈገግታ፣ «ይቺ ስፌት ትንሽ አልጠመመችም?» ብትላት አራት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። እኔ ለዚህ ሁሉ አንድ ስም ነበረኝ፤ መሞላቀቅ። የመጨረሻ ልጅ አይደለች! ፊት ለፊቷም ነግሬያታለሁ። እሷም ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው።

ሐኪም ዘንድ አልሄደችም እንዳትሉን፤ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ችግሩ አካሄዳችን ነበር። እናቴ «ሐኪም ፊት ተጎሳቁሎ አይቀረብም» ብላ ከዋዜማው ጀምሮ ሰማያዊውን ቀሚስ ትተኩሳለች፣ ጸጉሯን ታሠራታለች፣ ከንፈሯን ሳይቀር ትቀባታለች። እኔ ደግሞ ተራ እስኪደርሰን እንዳይከፋት ስል ወረፋ የሚጠብቀውን ሕዝብ እያየሁ በጆሮዋ ስቀልድላት እቆያለሁ። ስሟ ሲጠራ እየሳቀች ትገባለች።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» አላት የመጀመሪያው ሐኪም።

«ሞልቷል። ከፈለጉ ላካፍልዎ።»

«የምግብ ፍላጎትስ?»

«እሱ እንኳ ጥሎኝ አያውቅም።»

ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔ ሳቅኩ፣ ቫይታሚን ታዘዘላት። ሁለተኛው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ «እንዲህ ከልቡ የሚስቅ ሰው ድብርት የለበትም» ብሎ አሰናበተን። ስንወጣ ሚጡ ደረጃው ላይ ቆመችና «ጋሼ፣ እንግዲያው ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። ቀልድ ፈለግኩ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ።

ከዚያ የስፌት ቤቱ ባለቤት የአንድ ወር ፈቃድ ሰጠቻት። ከወሩ በኋላ ካልተመለስሽ ሰው እቀጥራለሁ አለቻት፤ አይፈረድባትም። አንዲት ሐኪም ደግሞ ጎበዝ ናት ብለው ጠቆሙን፤ ቀጠሮ ያዝን። ሚጡ «ይቺን አንዷን እሄዳለሁ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «እሷም ምንም የለብሽም ካለችኝ ግን ሁለተኛ ሐኪም የሚባል እንዳታነሱብኝ። በቃኝ።» እህቴ በቃኝ ካለች በቃኝ ነው። ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መኪናቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ።

«መቼም ምንም የለባትም» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ብቻ አልነሳ ትላለች። ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ከእሱ ባትሪ በገመድ አገናኝቶ ያስነሳልኛል። ከተነሳች በኋላ ማን ይችላታል!»

«ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሁለት ወር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«ጎረቤቴ አገር ሊለቅ ነው።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። «መምህር!» አልኩ፣ ካቻቢቴውን እያወዛወዝኩ። «በሰው ባትሪ የተነሳች መኪና ደህና ናት ይባላል? ባትሪዋን የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል! ጎረቤትዎ ለደግነቱ ብሎ በየቀኑ እያስነሳ በሽታዋን ደበቀብዎ እንጂ ምን ጠቀመዎ? እሱ ከሄደ በኋላ ምን ትሆናለች ብለው አይጠይቁም?»

አጠገቤ የነበረ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። መምህሩ ያስቀየሙኝ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ስለ መኪና አልነበረም የማስበው።

የቀጠሮው ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። እናቴ ሰማያዊውን ቀሚስ ይዛ ቆማለች።

«እማዬ፣ መልሺው።»

«በሌሊት ልብሷ ትሂድልህ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አይደለም የሚያያት፣ ሐኪም ነው።»

«ሐኪም ሰው አይደለም?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?» አልኳት። ቀሚሱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ወደ ማድ ቤት ገባች።

እኔ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ አፌን ዘጋሁ። ቀልዱ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ። እንደዚያ ከብዶኝ የሚያውቅ ሥራ የለም፤ ሞተር አውርጃለሁ እኮ! ሚጡ ዓይኗን ገለጠች። ለመቀመጥ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። አንድ ካልሲ ካጠለቀች በኋላ ሁለተኛውን ይዛ እንደማታውቀው ዕቃ ታየው ጀመር። እጇ ወደ እግሯ እስኪወርድ የሰው እጅ የምታነሳ ይመስል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየመጣሁ ይህን አንድ ቀን አላየሁም።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ተቀይመኸኛል?»

«ለምን እቀየምሻለሁ?»

«ዝም አልክ። አስቸገርኳችሁ አይደል? ከሰለቸህ እኮ…»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለካ ዝምታም ይወጋታል። ከወንበሩ ወርጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ካልሲውን ከእጇ ወሰድኩ። «ሚጡዬ» አልኳት፣ «ሳስቅሽ ኖሬ ሳላይሽ ቀረሁ። ዛሬ ልይሽ ብዬ ነው። ስለምወድሽ ነው ዝም ያልኩት።» ካልሲውን እኔ አጠለቅኩላት። ከአልጋ እስከ ውጭው በር አርባ ደቂቃ ወሰደብን።

ሐኪሟ ሸምገል ያለች ሴት ናት፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። ሚጡ ገና ስታያት ፊቷ በራ። «ዶክተር፣ እርስዎ ይተኙና እኔ ላክምዎ» አለቻት። ሐኪሟ እስክታስል ሳቀች። እኔ አለቀልን አልኩ። የተጎሳቆለ ልብሷም፣ የእኔም ዝምታ ምንም አልፈየደም፤ ልጅቷ እንደሆነ በሰው ፊት ትነሳለች። ልናገር አፌን ስከፍት ሐኪሟ በእጇ አስቆመችኝ።

«ጥሩ አሳቅሽኝ» አለቻት መሐረቧን አጥፋ። «እንዲህ ከሰው ጋር ስትጫወቺ ቆይተሽ ሰው ከሄደ በኋላስ? ያኔ ምን ታደርጊያለሽ?»

የሚጡ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀረ። ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወደ እኔ አየችና አንገቷን ደፋች።

«ጋሼን በር ድረስ እሸኘዋለሁ» አለች። «በሩን ስዘጋ ጉልበቴ ያልቃል። እማዬ እንዳታውቅብኝ ጫማ የማስተካክል መስዬ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ እላለሁ። አልጋዬ ከዚያ ዘጠኝ እርምጃ ነው። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።»

እኔ ያኔ ደረጃው ላይ እያፏጨሁ ነበር። መስኮቱን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

«ይህ ስንፍና አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ሳቅሽም ማስመሰል አይደለም፤ ሳቁም እውነት ነው፣ ሕመሙም እውነት ነው። ከድብርት ዓይነቶች አንዱ ነው። ደስ የሚል ነገር ሲመጣ ገለል ይላል፣ ሲሄድ ተመልሶ ይጫናል። እንቅልፍ አይነሳም፣ ያበዛል፤ ምግብ ያስበላል፤ እጅና እግር ያከብዳል፤ ሰው ጠላኝ የሚል ስሜት በትንሽ ቃል ይነሳል። ያልተለመደ ድብርት ይሉታል፤ ስሙ ነው እንጂ የያዘው ሰውስ ብዙ ነው።»

«ስም አለው?» አለች ሚጡ። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም ማዞሬን ትቼ አብሬያት አለቀስኩ።

በማግስቱ ዳነች ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። የመጀመሪያው ኪኒን ስምንት ሳምንት አፏን ከማድረቅ በቀር ምንም አልሠራም። ልትተወው ነበር፤ ግን ሐኪሟ ከመጀመሪያው ቀን «ይህ ካልሆነ ሌላ አለ፤ ሳትነግሪኝ እንዳታቆሚ» ብላት ስለነበር ተመለሰች። ኪኒኑ ተቀየረላት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር ጀመረች፤ ስለዚያች «ትንሽ ጠመመች» ስለምትል ቃል ብቻ ሁለት ማክሰኞ አወሩ አሉ። የስፌት ቤቱ ባለቤት የሐኪሟን ወረቀት አይታ ቤቷ ሆና እንድትሰፋ ፈቀደችላት። እኔም ከሐኪሟ የራሴን ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ መምጣትህን አታቁም፣ ግን አንዳንድ ቀን ሳትስቅ ትቀበልህ ተብዬ። ብርቱካን እየላጥኩ አጠገቧ ዝም ብዬ መቀመጥ ተማርኩ። አሁንም ጥሩ አልችልበትም።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ከገበያ ይዣት መጣሁ፤ ድንች የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ የምታማርረው እሷ ናት። ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ድንገት ቀጥ አለ።

«አሁን ይኼ ስፌት ነው?» አለች ሚጡ ከበሩ ወዲያ። «እባብ ነው እንጂ!» ከዚያም ከት ብላ ሳቀች፤ ያ ከአንጀቷ የሚወጣው ሳቋ።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ማን መጥቶላት ነው?»

እናቴ እዚህ ናት። እኔም እዚህ ነኝ።

«ማንም» አልኳት።

ለማንኳኳት አንስቼው የነበረውን እጄን አወረድኩ። ከውስጥ የጠመመው ስፌት ሲተረተር ተሰማ፤ ከዚያ መኪናው እንደገና ተነሳ። እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ድንቹን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንኳኳ እንጂ» አለችኝ ቆይታ።

«ቆይ እማዬ» አልኳት። «ሥራ ላይ ናት።»