ካፒቴኑ ጀርባውን ሲሰጥ

ባሌ ከአብራሪነት ጡረታ ሲወጣ የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ሰማዩ እሱን የሚተካ አላጣም፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ካፒቴን ቀረልኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ከአልጋ አልወርድም አለ። ፒጃማውን እንደለበሰ ኮርኒሱ ላይ አፍጥጦ ይውላል። ጺሙ አደገ። ስልክ ቢጮህ አያነሳም። ሾርባ ሳቀርብለት «አስቀምጪው» ይለኛል፣ ሾርባውም እዚያው ይበርዳል። ሐኪም ዘንድ ብወስደው «ጤነኛ ነው» ብለው መለሱልኝ። ጤነኛ ሰው እንደዚያ ሲሆን አይቼ ስለማላውቅ በጣም ፈራሁ። ማታ ማታ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ወጣ። ሲመለስ ከጭነት መኪና ላይ ከእኔ የሚረዝም ሳጥን አስወረደ። ውስጡ አውሮፕላን ነበር፤ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ቀይና ነጭ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ አዲስ ሞዴል። ሞዴል ስላችሁ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ክንፎቹ ሲገጠሙ ከምግብ ጠረጴዛችን በግራም በቀኝም ይተርፋሉ። ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል፣ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ባለቤቱ መሬት ላይ ቆሞ፣ በእጁ በያዘው ሪሞት እያዘዘ፣ ሰማይ ላይ እንደፈለገ ያገላብጠዋል። ባሌ ሳጥኑን ብቻዬን ካላስገባሁ ብሎ ሲታገል አንገቱ ቀጭ አለ። ሐኪሞቹ ከአገጩ እስከ ደረቱ በሚደርስ ማሰሪያ ጠፍረው ሰደዱልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ መላ ሰውነቱን እንደ ቁም ሳጥን ማዞር ነበረበት።

የምግብ ክፍላችን የአውሮፕላን ማደሪያ ሃንጋር ሆነ። እኛ ኩሽና ውስጥ ቆመን መብላት ጀመርን። የላይኛውን ክንፍ ከታችኛው የሚያያይዙትን ሽቦዎች ሲወጥር «ያዢ» ይለኛል፣ እይዛለሁ። «ልቀቂ» ይለኛል፣ እለቃለሁ። «ይቺ ብሎን የላላች አትመስልህም?» ብዬ ከጠየቅኩ ግን አለቀልኝ።

«ካፒቴኑ ማነው?» ይላል።

ይቺን ጥያቄ ከተጋባን ጀምሮ ስሰማት ኖሬአለሁ። መንገድ ጠፍቶን ሰው እንጠይቅ ስለው፣ ልጃችንን ላምጥ ስል «ገና ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም» ብሎ ሲከራከረኝ፣ ሶፋው በመስኮት ይግባ ስለው፤ ሁሌም ካፒቴኑ ማነው። ልጅቷ መኪና ውስጥ ተወለደች። ሶፋው እስካሁን ጎረቤት ቤት ነው። ቢሆንም ሰውየው ሾርባውን ትኩስ እያለ መጠጣት ጀምሯልና ብሎኗን ራሴ በስውር አጠበቅኳት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሞዴል አብራሪዎች የሚሰበሰቡበት ሣሩ የታጨደ ሜዳ አለ። የማኅበሩ ሰብሳቢ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቀልደኛ፣ ፊቱ ፈገግታ የማይለየው ሰው። አውሮፕላኑን ሲያይ ፉጨቱን ለቀቀው፤ ቀጥሎ የባሌን አንገት አየና ፉጨቱን ዋጠው።

«ካፒቴን፣ መጀመሪያ በትንሿ መለማመጃ ቢጀምሩስ? የእርስዎን ሪሞት ከእኔ ሪሞት ጋር በገመድ እናገናኘዋለን። ቢያስቸግርዎ እኔ እቀበልዎታለሁ።»

«ልጄ» አለ ባሌ፣ «እኔ መንገደኛ ጭኜ ውቅያኖስ ሳቋርጥ የአንተ የወተት ጥርስ አልወለቀም።»

«ጥርስ መውለቁን እንኳ ለምጀዋለሁ፤ እኔ የምፈራው ክንፉን ነው» አለ ሐኪሙ።

ባሌ አልሳቀም። ጭራሽ የሚያውቀውን ሁሉ ጠርቶ ነበር። ድሮ አብረውት የበረሩ መካኒኮች፣ አስተናጋጆች፣ ዛሬ በእሱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የቀድሞ ረዳቱ ሳይቀር ሚስቱን አስከትሎ መጥቷል። ሁሉም ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ሻያቸውን ይዘው ተደረደሩ። እኔ ለአውሮፕላኑ ግድ የለኝም፤ ቢፈልግ ዱቄት ይሁን። ግን ከወደቀ ባሌ ወደዚያ አልጋ ይመለሳል። በዚህኛው ጊዜ ደግሞ የሚነሳ አልመሰለኝም።

ሞተሩ ተነሳ። አውሮፕላኑ ሣሩን እየሰነጠቀ ሮጦ ብድግ ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እንዴት አማረበት መሰላችሁ። ወጣ፣ በጀርባው ተገልብጦ ሄደ፣ ቀለበት ሠራ፣ ጭሱን እየተፋ ቁልቁል ተወርውሮ ተመልሶ ቀና አለ። ባሌ ከማሰሪያው በላይ ያለችው ፊቱ በራች። እንዲህ ያለች ፊት ካየሁ ቆይቻለሁ፤ ደስ አለኝ፣ ይኼን አልደብቅም።

ከዚያ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ እኛ አዞረ።

ባሌ ዕድሜውን በሙሉ አውሮፕላን ያበረረው ውስጡ ተቀምጦ ነው። የእሱ ግራ የአውሮፕላኑ ግራ ነው፣ ይኼ ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ግን እንደሚመጣ ሰው ነው፤ ግራው በአንተ ቀኝ በኩል ነው የሚውለው። ጀማሪ ሁሉ በትንሿ መለማመጃ ይኼን ሲማር ይከርማል። ባሌ ግን ጀማሪ አይደለማ። ክንፉ ከእሱ በስተቀኝ ዘንበል ሲል አየና የሪሞቱን ዘንግ ወደ ግራ ገፋ። ባሰበት። አጥብቆ ገፋ። አውሮፕላኑ በአንድ ጎኑ ተኝቶ በቀጥታ ወደ እንግዶቹ መጣ።

የቀድሞ ረዳቱ ሚስቱን ትቶ መሬት ላይ ተኛ። ሻይ ተደፋ፣ ወንበር ተገለበጠ። አውሮፕላኑ ከራሳችን በላይ እየጮኸ አለፈና ከእኛ ሲርቅ ተመልሶ ታዛዥ ሆነ። ባሌ አሁንም አዞረው፣ አሁንም ያው ሆነ። መሬት ላይ ያሉት ቀና ለማለት የሞከሩ ሁሉ ተመልሰው ተኙ።

«ካፒቴን፣ ለእኔ ይስጡኝ» አለ ሐኪሙ። «ቤንዚኑ እያለቀ ነው።»

ባሌ ሪሞቱን አልለቀቀም። የሚሰማ አይመስልም። ያኔ ሊያለቅስ እንደሆነ ገባኝ።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በበረራ አስተናጋጅነት ነው። ስንነሳና ስናርፍ የምቀመጠው ፊቴን ወደ መንገደኛው፣ ጀርባዬን ወደ ካፒቴኑ ሰጥቼ ነው። እሱ በድምፅ ማጉያው «በስተግራ ሐይቁን ትመለከታላችሁ» ሲል፣ እኔ በቀኜ አሳያለሁ። የእሱ ግራ የእኔ ቀኝ ሆኖ ኖርን፤ ትዳራችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የገባበት ጣጣ ምን እንደሆነ አልጠፋኝም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ዙር» አልኩት።

«ምን?»

«ጀርባህን ስጠው። ፊትህን እሱ ወደሚሄድበት አድርግ፤ ያኔ ግራህ ግራው ይሆናል።»

«ካፒቴኑ ማ...» ብሎ ጀመረ። ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣው ሞተር ሰማይ ላይ አንዴ ተንተፋተፈ። ባሌ ዞረ።

ዞሮስ? ሌላው ሰው ቢሆን በትከሻው ላይ አሻግሮ ያይ ነበር። የእሱ አንገት ግን ተጠፍሯል። መቀመጫውን ለአውሮፕላኑ፣ ፊቱን ለመኪና ማቆሚያው ሰጥቶ ቆመ።

«አይታየኝም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ አየዋለሁ። ቀኝ፣ ትንሽ። በቃ። አሁን ቀጥ አድርገው።»

አደረገው። ሞተሩ ጠፋ። ድምፁ ሲቋረጥ የባሌ ትከሻ ሽቅብ ወጣ፤ ከእንግዲህ የት እንዳለ በጆሮውም ሊያውቅ አይችልም።

«ፍጥነቱ?» አለኝ።

«ደህና ነው። አፍንጫውን ዝቅ አድርገው። ግራ። ግራ አልኩህ እኮ። እንደሱ። ያዘው።»

በሕይወቴ አዝዤው የማላውቀውን ሰው እያዘዝኩት ነበር። እሱም ያለ ምንም ክርክር፣ ቃሌ መሬት ሳይወድቅ ይፈጽማል። ሐኪሙ እንኳ እጁን አጣመረ። አውሮፕላኑ ያለ ድምፅ ወረደ፣ የዛፎቹን ጫፍ ለጥቂት ሳተ።

«አሁን ቀና አድርገው፣ በቀስታ። በቀስታ።»

ጎማው ሣሩን ነካ፣ ነጠረ፣ ደግሞ ነካ። አንዱ እግሩ ታጥፎ በታችኛው ክንፉ ጫፍ መሬቱን ትንሽ አረሰና ቆመ። ክንፉ ተጭሯል፣ ፕሮፔለሩ ተሰብሯል፤ ሌላው ደህና ነው። የተኙት እንግዶች ራሳቸውን እንደያዙ ናቸው።

ባሌ ፊቱን ወደ መኪኖቹ አድርጎ፣ አውራ ጣቶቹን ዘንጎቹ ላይ እንዳደረገ ቆሟል።

«ከዚህስ?» አለኝ።

ዓይኔን ከአውሮፕላኑ ላይ አንስቼ እሱን አየሁት።

«ንገሪኝ እንጂ። ከዚህ ወዴት ነው?»

እንዲህ ብሎ እንዲጠይቀኝ ስመኝ ነው ያረጀሁት። የጠየቀኝ ቀን እስቅበታለሁ፣ ልክ አስገባዋለሁ ብዬ ስንቱን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ያ ሁሉ ካፒቴን ተሟጥጦ፣ አንገቱ የታሰረ፣ የሚፈራ፣ እኔን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል። ልቤ ተሰበረለት። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

«አርፏል» አልኩት በመጨረሻ።

ይዞራል ብዬ ስጠብቅ አልዞረም።

«ልዙር?» አለ።

እንባዬን ጠርጌ እስክጨርስ ትንሽ አስቆየሁትና «ዙር» አልኩት።